በሐምሌ ያማረ ችግኝ ጥርን ይሻገራል ወይ? ለአዲስ አበባ ግቢ የክረምት ተከላ የንጽጽር መመሪያ

ሰኔ አጋምሶ ዝናቡ መሬቱን ማራስ ሲጀምር በአዲስ አበባ መንገዶች ዳርና በወንዞች ዳርቻ ያሉ የችግኝ መሸጫዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ መልካቸው ይለወጣል። አቮካዶው፣ አፕሉ፣ ጌሾው፣ ጽጌረዳው በጥቁር ፕላስቲክ ተደርድሮ፣ ቅጠሉ በዝናብ ታጥቦ ይታያል፤ ገዢውም ዓይኑ ያረፈበትን ሦስት አራት ችግኝ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ብዙው ኪሳራ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ምክንያቱም በሐምሌ ወር የማያምር ችግኝ የለም። ውኃው ከሰማይ ይወርዳል፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ ሻጩም ችግኙን ከነፋስና ከፀሐይ ከልሎ አቆይቶታል። ተክሉ የሚፈተነው በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊት ብርድ፣ በጥር ደረቅ ነፋስ፣ የቧንቧ ውኃም በፈረቃ በሚመጣባቸው የበጋ ሳምንታት ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ አማራጮቹ የሚወዳደሩት በመሸጫው ውስጥ ባላቸው መልክ ሳይሆን፣ ከተተከሉ ከስድስት ወር በኋላ በገዢው ግቢ ውስጥ በሚኖራቸው ዕጣ ነው።

በቅድሚያ መስፈርቶቹ

ችግኝ ከመመረጡ በፊት ግቢው መታወቅ አለበት፤ ከሁሉም አስቀድሞ ደግሞ አፈሩ። በከተማዋ ሰሜን፣ ከእንጦጦ ሥር ባሉት ሰፈሮች በብዛት የሚገኘው ውኃ በቀላሉ የሚያሰርግ ቀይ አፈር ነው። ወደ ቦሌ፣ አቃቂና ቃሊቲ ሲወረድ ጥቁሩ መረሬ ይበረክታል፤ መረሬ በክረምት ውኃ አቁሮ ጫማ የሚይዝ ጭቃ ይሆናል፣ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ሲሰነጠቅም ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል። በአዳዲስ መኖሪያ ሰፈሮች ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ከላይ አንድ ክንድ የማይሞላ አፈር ለብሶ ከሥሩ ጠጠር፣ የጡብ ስባሪና የሲሚንቶ ቅሪት የተደለደለበት መሬት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሳይቆፍሩ ማወቅ አይቻልም።

ለዚህም በግንቦት ወር ግማሽ ሜትር ጥልቀትና ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ መቆፈር ይበቃል። ሁለት ጀሪካን ውኃ ይፈስበትና ሲሰርግ እንደገና ያንኑ ያህል ይጨመርበታል። ሁለተኛው ውኃ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሰረገ ግቢው ለአብዛኛው ተክል ምቹ ነው፤ በማግሥቱ ጠዋት ውኃው እንደ ቆመ ከተገኘ ግን አቮካዶን የመሰለ ሥሩ መተንፈስ የሚፈልግ ተክል በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ከነሐሴ አያልፍም። ይህን ፈተና ሳላደርግ ችግኝ በገዛሁባቸው ዓመታት ያባከንኩት ገንዘብ፣ ፈተናው ከሚወስደው አንድ ከሰዓት በኋላ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሁለተኛው መስፈርት ብርድ ነው። አዲስ አበባ አንድ ዓይነት አየር ያላት ከተማ አይደለችም፤ መሐሏ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፣ አቃቂ በኩል ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። ከፍታው ብቻም አይደለም፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚፈስ በወንዝ ዳርና በረባዳ ላይ ያለ ግቢ ከጎረቤቱ ተዳፋት ይልቅ ውርጭ ይመታዋል። በታኅሣሥ ንጋት ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ የሚታይበት ቦታ ካለ፣ ለብርድ ስስ የሆነ ተክል እዚያ መትከል አይገባም።

ሦስተኛው የበጋ ውኃ ነው። በባህላዊው የወቅት አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል፤ ከዚያ በኋላ መጸው፣ በጋና ጸደይ በየሦስት ወሩ ይከተላሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ የሚጥለው የበልግ ዝናብ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል፤ በእርሱ ላይ ማቀድ አይቻልም። አንድ ለጋ የፍራፍሬ ችግኝ በሳምንት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይፈልጋል ብለን ብናሰላ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት 30 ሳምንታት ገደማ 60 ጀሪካን፣ ማለትም 1,200 ሊትር ውኃ ይጠጣል። አምስት ችግኝ የገዛ ሰው 6,000 ሊትር ውኃ ለመቅዳት ቃል ገብቷል ማለት ነው። ብዙ ችግኝ የሚደርቀው ባለቤቱ ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ይህን ሒሳብ አስቀድሞ ሳያስበው ቀርቶ ነው።

አራተኛው ቦታና የይዞታ ሁኔታ ሲሆን፣ ተከራይ የሆነ ሰው ከአራት ዓመት በኋላ የሚያፈራ ዛፍ ቢተክል ፍሬውን የሚበላው ሌላ ነው፤ ለእርሱ በማሰሮ፣ በባልዲ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ የሚያድግ ተክል ይሻለዋል። የመጨረሻው መስፈርት ዋጋ ከመጠበቂያ ጊዜ ጋር ተዳምሮ ነው። ዋጋው ከሰፈር ሰፈርና ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ እዚህ ላይ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ በሚል ብቻ ተመልክቷል።

አቮካዶ፦ የተዳቀለው ወይስ ከፍሬ የበቀለው?

በመሸጫዎቹ ከሚጠየቁት የፍራፍሬ ችግኞች ቀዳሚው አቮካዶ ስለሆነ፣ በአገዛዙም ብዙ ስሕተት ስለሚፈጸም፣ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል።

ከፍሬ የበቀለ ችግኝ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ በፍጥነትም ይረዝማል። ሆኖም ለማፍራት ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በተጨማሪም አቮካዶ ከፍሬው ሲበቅል እናቱን አይመስልም፤ ከጣፋጭ ፍሬ የተገኘ ችግኝ ውኃ ውኃ የሚል ወይም ሙሉ በሙሉ ፍሬ የሚባል ሥጋ የሌለው ሊሆን ይችላል። የተዳቀለው ወይም ገበያው «ግራፍት» የሚለው ችግኝ ግን ከሚታወቅ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ሥር ላይ ተጣብቆ የበቀለ ስለሆነ፣ ፍሬው ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ይታወቃል፤ በደንብ ከተያዘም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ዋጋው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ለቤት ባለቤት ግን በእኔ ግምት ልዩነቱን መክፈል ተገቢ ነው። አራት ዓመት በግቢ ውስጥ ቦታና ውኃ ሲወስድ የኖረ ዛፍ መጨረሻው ካልታወቀ፣ በመግዣው ላይ የተቆጠበው ብር ቁጠባ አይባልም።

የተዳቀለ ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ግን የተዳቀለ አይደለም። አንድ ጊዜ ከመንገድ ዳር ሻጭ በተዳቀለ ዋጋ የገዛሁት ችግኝ ተራ የፍሬ ብቃይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ግንዱ ላይ የነበረው ፕላስቲክ ጥቅል ሲፈታ ከሥሩ ልጣጩ ለስላሳና አንድ ወጥ ነበር። እውነተኛው ድቅል ከአፈሩ አንድ ስንዝር ገደማ ከፍ ብሎ ሰያፍ ወይም የሹል ቅርጽ ያለው ጠባሳ አለው፤ ከጠባሳው በላይና በታች ያለው ልጣጭ በቀለምም በውፍረትም ጥቂት ይለያያል። ሻጩን ጥቅሉን ፈትቶ እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር የለውም። ጠባሳው ገና ያልገጠመ፣ በጣት ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነም መተው ይሻላል።

ዝርያውን በተመለከተ በብዛት የሚቀርበው ሀስ ነው፤ ሲበስል ልጣጩ የሚጠቁር፣ ሥጋው ቅባታም፣ ከተቆረጠም በኋላ የሚቆይ ነው። ፉኤርቴና ኤቲንገር ደግሞ በስለውም አረንጓዴ ሆነው የሚቀሩ ዝርያዎች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ የአቮካዶ ጠባይ መታወቅ አለበት። አበባው በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ በመጀመሪያው እንደ ሴት፣ በሁለተኛው እንደ ወንድ ሆኖ። እንደ ሀስ ያሉት ዝርያዎች ጠዋት በሴትነት ተከፍተው በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ በወንድነት ሲከፈቱ፣ ፉኤርቴና ኤቲንገር በተቃራኒው ከሰዓት በኋላ በሴትነት ተከፍተው በማግሥቱ ጠዋት በወንድነት ይከፈታሉ። ስለዚህ ሁለቱ ዓይነቶች ተቀራርበው ሲገኙ ንብ የአንዱን ዱቄት ለሌላው ታደርሳለች፤ ምርቱም ይጨምራል። ለሁለት ዛፍ የሚሆን ቦታ ያለው ሰው ሁለት ሀስ ከሚገዛ አንድ ሀስና አንድ ፉኤርቴ ወይም ኤቲንገር ቢገዛ ይመረጣል። ቦታው ለአንድ ብቻ ከሆነ አስቀድሞ የጎረቤትን አቮካዶ ዝርያ መጠየቅ ይጠቅማል።

የአቮካዶ ዋነኛ ጠላት የቆመ ውኃ ነው። በአንድ ክረምት ሁለት ችግኝ በአንድ ቀን ተክዬ ነበር፤ አንዱን ከፍ ባለው የአጥር ጥግ፣ ሌላውን ውኃ ለማጠጣት እንዲመቸኝ ከቧንቧው አጠገብ። እስከ ነሐሴ ድረስ ልዩነት አልነበራቸውም። በመስከረም ከቧንቧው አጠገብ ያለው ቅጠሉን ወደ ታች ጥሎ ጠወለገ፤ እኔም ውኃ የጠማው መስሎኝ ጨመርኩለት። በጥቅምት ስነቅለው ነጣ ብለው ጠንከር ማለት የነበረባቸው ቀጫጭን ሥሮች ጠቁረው ነበር፤ በሁለት ጣት ስይዛቸው ልጣጫቸው እንደ ራሰ ወረቀት ተላቀቀ፤ ከጉድጓዱም የረጋ ውኃ ሽታ ወጣ። የሥር መበስበስ ላይ ላዩን ሲያዩት ጥማት ይመስላል፤ የሚያታልለውም ለዚህ ነው። መረሬ አፈር ያለው ሰው አቮካዶ መትከል ከፈለገ ጉድጓድ ውስጥ ሳይሆን ከመሬቱ ጉልበት ያህል ከፍ ተደርጎ በቀይ አፈርና በብስባሽ በተቆለለ ጉብታ ላይ ይትከለው። ከቤት ግድግዳም ቢያንስ አምስት ሜትር ይራቅ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ለጋ ቅጠሉን እንዳያቃጥለው ማታ ማታ በማዳበሪያ ጆንያ መሸፈን ያስፈልጋል።

አፕልና ኮክ

አፕል በኢትዮጵያ ስሙ ከጨንቻ ጋር ይነሣል፤ በጋሞ ደጋ ላይ ቤተሰቦች ፍሬውንም ችግኙንም ሸጠው ይተዳደሩበታል። የአዲስ አበባ ገዢ ግን አንድ ነገር መገንዘብ ይኖርበታል። አፕል ከእንቅልፉ ነቅቶ በአግባቡ እንዲያብብ የተወሰነ ያህል የብርድ ሰዓት ይፈልጋል፤ በአውሮፓ የተለመዱት ዝርያዎች የሚፈልጉትን ያህል ረጅም ብርድ ከተማችን አትሰጥም። ስለሆነም መጠየቅ ያለበት በጥቂት ብርድ የሚረካ ዝርያ ነው። ከእነዚህ የሚታወቁት እስራኤል ውስጥ የተገኘው አናና ከባሃማስ የመጣው ዶርሴት ጎልደን ናቸው። አና ብቻውን ሲተከል አበባው በዝቶ ፍሬው ያንሳል፤ ዶርሴት ጎልደን ግን በአንድ ሰሞን ስለሚያብብ አብሮት ሲተከል ያዳብረዋል። ሻጩ «አፕል ነው» ብሎ ዝርያውን መናገር ካልቻለ ያ ችግኝ ለቅጠሉ ብቻ የሚገዛ መሆኑን ማሰብ ይገባል። እንደ እኛ ባሉ የሐሩር አካባቢ ደጋዎች አፕል ቅጠሉን በራሱ ስለማያረግፍ በዓመት አንድ ጊዜ ቅጠሉን በእጅ መልቀም የተለመደ ነው፤ ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው አፕልን ባይጀምር እመክራለሁ።

ኮክ በተቃራኒው ብዙ አይጠይቅም። ከደጋችን ጋር የኖረ ነው፣ ብርዱን ይችላል፣ አጋርም ሳይፈልግ ያፈራል፤ ከፍሬው የበቀለው እንኳን በሦስት ዓመት ገደማ ፍሬ ያሳያል። ጉድለቱ በመብሰያው ሰሞን የፍራፍሬ ዝንብ እንቁላሏን ስለምትጥልበት ፍሬው ውስጥ ትል መገኘቱ ነው። የወደቀውን ፍሬ በየቀኑ ለቅሞ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መቅበር ጉዳቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። በአነስተኛ ገንዘብ የፍራፍሬ ዛፍ የሚፈልግ፣ ግቢውም በከተማዋ ከፍተኛ ክፍል የሆነ ሰው ከአቮካዶ ይልቅ ወደ ኮክ ቢያዘነብል ትክክል ነው።

በዚህ አጋጣሚ ማንጎንና ፓፓያን ማንሣት ያስፈልጋል። ሁለቱም የቆላና የወይና ደጋ ተክሎች ሲሆኑ፣ ክረምት ላይ በአዲስ አበባ መሸጫዎች አምረው ይቀርባሉ። ማንጎው ለዓመታት ቅጠል ብቻ ይዞ ይቆማል፤ ፓፓያውም ብርዱና የቆመ ውኃው አንድ ላይ ሲያገኙት ግንዱ ይበሰብሳል። ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ዘመድ ያለው ሰው ችግኙን ለዘመዱ ይውሰድለት።

ጌሾ

ጌሾ ከአማራጮቹ ሁሉ ስሙ ሳይነሣ የሚያልፍ፣ ነገር ግን ለደጋ ግቢ እጅግ የሚስማማ ተክል ነው። የሀገሩ ስለሆነ ብርዱን ያውቀዋል፤ ግማሽ ጥላም ይበቃዋል፤ ሥር ከያዘ በኋላ በበጋ በአሥር በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ውኃ ቢያገኝ ይቆያል። በሁለተኛው ዓመት ገደማ ቅጠል መልቀም ይቻላል፤ ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ያገለግላል። ሳይቆረጥ ከተተወ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል፤ በየጊዜው የሚለቀም ከሆነ ግን ዝቅ ብሎና ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚያድግ አጥርን ተክቶ ሊያገለግል ይችላል። ጠላ ባይጠመቅ እንኳ ደርቆ ይሸጣል፣ ለጎረቤትም ይሰጣል። የሚጠላው እንደ አቮካዶው የቆመ ውኃን ነው።

የወጥ ቤት ቅጠላ ቅጠል

ተከራይ፣ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ወይም በረንዳ ብቻ ያለው ሰው ገንዘቡን እዚህ ላይ ቢያውል የሚቆጭ አይመስለኝም። የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ ጦስኝ፣ ናና፣ ጠጅ ሣርና በሶብላ ሁሉም በማሰሮ ያድጋሉ፤ ዋጋቸውም ዝቅተኛ ነው። ሆኖም በአንድ ሣጥን ውስጥ ሁሉንም መደባለቅ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጠባያቸው ይለያያል። የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ድርቅ ይወዳሉ፤ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈርና ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ በክረምት ከጣሪያ ጠርዝ የሚወርድ ውኃ እንዳያገኛቸው ወደ ውስጥ መሳብ ይገባል። ናናና ጠጅ ሣር ውኃ ይወዳሉ። ናና ሥሩን ከመሬት ሥር እየላከ ሌላውን ስለሚውጥ ለብቻው ማሰሮ ይሰጠው። ኮሰረትና ጤና አዳም በመካከል ናቸው፤ ከጎረቤት በተቆረጠ ቅርንጫፍም ስለሚጸድቁ ሁልጊዜ መግዛት አያስፈልግም። በሶብላ ግን ዘሩን ጥሎ የሚሞት የአንድ ወቅት ተክል በመሆኑ ትልቁን ችግኝ ከመግዛት ዘሩን መዝራት ያዋጣል።

የክረምት መጨረሻ ላይ የጥብስ ቅጠል ግንድ ከሥሩ እየጠቆረ ከመጣ ውኃ በዝቶበታል ማለት ነው፤ ጤናማውን ጫፍ አንድ ጣት ያህል ቆርጦ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፎ እርጥብ አሸዋ ውስጥ መሰካት ተክሉን ያተርፈዋል።

ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ

በፍጥነት ለገበታ የሚደርሰው ይህ ነው። ቆስጣና ሰላጣ ከተተከሉ በሁለት ወር ውስጥ መቆረጥ ይጀምራሉ፤ ጎመን ከታች ወደ ላይ ቅጠሉ እየተለቀመ ለወራት ያበላል። በክረምት ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ጎመኑ በአርባ ሳንቲ ሜትር ልዩነት መተከል አለበት። ዝናቡ ካባራ በኋላ በቅጠሉ ጀርባ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ይሰፍርበታል፤ ጠዋት ጠዋት በውኃ ማጠብ ወይም የተጠቃውን ቅጠል ቆርጦ ማስወገድ በአነስተኛ መደብ ላይ ይበቃል። ቲማቲምን ግን በሐምሌ ከሜዳ ላይ መትከል አልመክርም፤ የክረምቱ እርጥበት ቅጠሉንና ፍሬውን የሚያጠቁር በሽታ ያመጣበታል። የቲማቲም ችግኝ መስከረም መጨረሻ ላይ ቢገዛ ይሻላል።

አበባ

ለዓይን ብቻ ተብሎ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ በግቢ ውስጥ ንብ የሚያመጣው እርሱ ነው። በጥቂት ውኃ የሚኖረው ቡገንቪላ ሲሆን ፀሐይ ይፈልጋል፤ ከፍ ባሉት ቀዝቃዛ ሰፈሮች ግን እድገቱ ይዘገያል። ጄራኒየም ለበረንዳ ይመቻል፣ ከቁራጭም ይጸድቃል። ጽጌረዳ በክረምት ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ተገርዞ ፍግ ቢሰጠው ያገግማል። ለአንድ ወቅት ብቻ የሚያብቡትን በትልቅ ገንዘብ መግዛት ዋጋ የለውም።

አጥርና ሀገር በቀል ዛፍ

ለአጥር በብዛት የሚገዛው የፈረንጅ ጽድ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያድጋል፣ ለመከርከምም ይመቻል። ነገር ግን ክሽክሽ ሲገባበት ከመሐል ጀምሮ እየቀላ ይደርቃል፤ አንዴ የደረቀው ጎኑ ተመልሶ አይለመልምም፤ በአጠገቡም ሌላ ተክል አያስበቅልም። ቀጋ አድጎ እስኪገጥም ጊዜ ቢወስድም እሾሁ ሌባን ይከለክላል፣ ነጭ አበባው ንብ ይስባል፣ ፍሬውም ይበላል፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌረዳ ወገን መሆኑም ለእኔ ሌላ የመምረጫ ምክንያት ነው።

ከዛፎቹ ወይራ በቀስታ ያድጋል፤ ድርቅንና ደካማ አፈርን ይችላል፤ በጠባብ ግቢ ለሚተከል አንድ ዛፍ እመርጠዋለሁ። ብሳና ቶሎ ጥላ ይሰጣል። ኮሶ ለእንጦጦ ግርጌና ከዚያ በላይ ላሉት ግቢዎች የሚስማማ ሲሆን፣ የሐበሻ ጽድና ዝግባ ግዙፍ ስለሚሆኑ ሰፊ ይዞታ ላይ ብቻ ይተከሉ። ባሕር ዛፍ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ቦታ የለውም።

ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | መረሬ ላይ | ብርድ የመቋቋም አቅም | የበጋ ውኃ ፍላጎት | የመጀመሪያ ጥቅም | የችግኝ ዋጋ | ለተከራይ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የተዳቀለ አቮካዶ | በጉብታ ላይ ብቻ | ዝቅተኛ (በልጅነቱ) | ከፍተኛ | 3–4 ዓመት | ከፍተኛ | አይሆንም |
| ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ | በጉብታ ላይ ብቻ | ዝቅተኛ (በልጅነቱ) | ከፍተኛ | 6–8 ዓመትና በላይ | ዝቅተኛ | አይሆንም |
| አፕል (አና ከዶርሴት ጋር) | በጉብታ ላይ | ከፍተኛ | መካከለኛ | 2–3 ዓመት | ከፍተኛ | አይሆንም |
| ኮክ | በጉብታ ላይ | ከፍተኛ | መካከለኛ | 3 ዓመት ገደማ | ዝቅተኛ | አይሆንም |
| ጌሾ | ውኃ ካልቆመ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | 2 ዓመት ገደማ | ዝቅተኛ | አይሆንም |
| የወጥ ቤት ቅጠላ ቅጠል | በማሰሮ | እንደ ዓይነቱ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ጥቂት ሳምንታት | ዝቅተኛ | በጣም ይስማማል |
| ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ | ከፍ ባለ መደብ | ከፍተኛ | ከፍተኛ | እስከ 2 ወር | በጣም ዝቅተኛ | ይስማማል |
| ቡገንቪላና ጄራኒየም | ውኃ ካልቆመ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | በዚያው ዓመት | መካከለኛ | በማሰሮ ይስማማል |
| ቀጋ (ለአጥር) | ይችላል | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | 2–3 ዓመት | ዝቅተኛ | አይሆንም |
| ወይራ | ውኃ ካልቆመ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ብዙ ዓመት | ዝቅተኛ | አይሆንም |

ለማን የትኛው?

የራሱ ግቢ ኖሮት ቀይ አፈርና አስተማማኝ ውኃ ያለው ሰው ገንዘቡን በሁለት የተዳቀሉ አቮካዶዎች ላይ ቢያውል፣ የተረፈውን ጥግ በጌሾ ቢሞላ ተገቢ ነው። ውኃ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ብቻ የሚያገኝ ከሆነ አንድ ኮክ፣ ጥቂት ጌሾና ወይራ ይበቁታል፤ አቮካዶውን የጣሪያ ውኃ ማጠራቀሚያ እስኪያዘጋጅ ያቆየው። መረሬ ላይ ያለ ሰው በመጀመሪያው ዓመት የሚያወጣው ገንዘብ ከችግኝ ይልቅ ለአፈርና ለብስባሽ ይሁን፤ መደብ ሠርቶ ጎመንና ቆስጣ ይትከል፣ ጉብታውንም ለቀጣዩ ክረምት ያዘጋጅ። ተከራይ ሦስት ማሰሮ የጥብስ ቅጠል፣ ኮሰረትና ጤና አዳም ይዞ ቤት ቢቀይር ተክሉ አብሮት ይሄዳል። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጀሪካን መሸከም የማይችሉ እናቶችና አባቶች ላሉበት ቤትም ከበር አጠገብ ያለ ከፍ ያለ መደብ ከሩቅ የፍራፍሬ ዛፍ ይመረጣል።

በመሸጫው ውስጥ የሚታየው

ትልቁን ችግኝ መምረጥ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። በትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ረጅም ሆኖ የተገኘ ችግኝ ከርሟል ማለት ነው፤ ሥሩም መውጫ አጥቶ ከታች ተጠምጥሟል። ፕላስቲኩ ከታች ሲታይ ወፍራም ሥር ቀድዶት መሬት ውስጥ ከገባ፣ ሻጩ ሲነቅለው ዋናው ሥር ይበጠሳል። በቁመቱ አጠር ያለ፣ ግንዱ ወፍራም፣ አዲስ ቅጠል እያወጣ ያለና ፕላስቲኩ በጣት ሲጫን አፈሩ የማይፈራርስ ችግኝ ይመረጥ። የቅጠሉም ጀርባ ይገለጥና ይታይ፤ ክሽክሽና ነጭ ተባይ የሚደበቀው እዚያ ነው።

ቤት ከደረሰ በኋላ ፕላስቲኩ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ በየዓመቱ ይገኛል። የተጠመጠመ ሥር ካለ በጥንቃቄ ይፈታ ወይም ጫፉ ይቆረጥ። ችግኙ በፕላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አይቀበር፤ የተዳቀለ ከሆነም ጠባሳው ሁልጊዜ ከአፈር በላይ ይሁን። ተከላው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ቢጠናቀቅ ሥሩ ዝናቡ ሳያልቅ የሚሰደድበት ሁለት ወር ያገኛል፤ በነሐሴ መጨረሻ የተተከለው ግን ሥር ሳይዝ ፀሐይ ይደርስበታል። መስቀል ካለፈ በኋላ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ በችግኙ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል በደረቅ ሣር ወይም በጤፍ ጭድ ይጎዝጎዝ፤ ጉዝጓዙም ግንዱን እንዳይነካ አራት ጣት ያህል ይራቅ። በጥር ላይ ጉዝጓዙ ገለጥ ሲደረግ ከሥሩ ያለው አፈር ገና ቀዝቀዝና እርጥብ ካለ የዚያን ሳምንት ሁለተኛ ጀሪካን ለሌላ ችግኝ ማዋል ይቻላል።